የሙሴ ሊንድ የጡት ዘመዶች

ወገኔ ፈረሱን ከዘንገና ቁልቁል የለቀቀው ኮርቻ ሳይጭን ነው። ልጓምም አልነበረውም፤ ጋማውን ጨብጦ፣ በተረከዙ ሆዱን እየጎሰመ ይወርዳል። ጎህ ቀዷል። ፈረሰኞቹ የፈጣምን ወንዝ ከመሻገራቸው በፊት ካልደረሰባቸው፣ ሚስቱ ፋና ከታቀፈችው ሕፃን ጋር በስዊድኖቹ የእንጨት ምሽግ ውስጥ ትቃጠላለች። ነገሩን የነገረው የገዛ ወንድሙ ነው፤ «ነገ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ እናነደዋለን፤ ሚስትህን አውጣ» ብሎታል። ሊያወጣት ሄዶ ነበር። በሩን ቢደበድብ፣ በቋንቋቸው ቢጣራ፣ አልከፈቱለትም።

ደረሰባቸው። ዘጠና ፈረሰኛ ወንዙ ዳር ፈረስ ያጠጣል። አንዳንዱ አልቤን፣ አንዳንዱ ውጅግራ አንግቷል፤ ጠመንጃ የሌለው ጦርና ጎራዴ ይዟል። ከፊት ግራዝማች ምህረቴ ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው፣ ምንሽራቸውን ኮርቻው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የተቀመጡበት ፈረስ የልጃቸው የምስጋናው ነው። የራሳቸውን ዳማ ፈረስ ትናንት ስዊድኖቹ ግንባሩን ብለው ጥለውታል።

«ግራዝማች! ስለ ጊዮርጊስ፣ ይቁሙልኝ!»

«ወገኔ ነህ? እሰይ፣ መጣህ። ጠመንጃህ የታለ?»

«ጠመንጃ አልያዝኩም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ? ልትመርቀን?»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ያሳቃቸው የግራዝማች ልጅ ምስጋናው ነው፤ «ኧረ ፈረንጆቹ ቁርስ በልታችሁ ነው ወይ ብለው ልከውት ነው!» ብሎ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ገና በዚያ ዓመት ነው ሚስት ያገባው። ወገኔ እንኳን ሊስቅ ትንፋሹም አልተመለሰለትም።

እዚህ ላይ ላቁማችሁ። እኔ የምኖረው እንጅባራ ነው፤ ይህን ታሪክ ባጃጅ ውስጥም ጠላ ቤትም ሲያወሩት እሰማለሁ፣ ደህና አድርጎ የሚያወራው ግን አንድ ሰው አላገኘሁም። አንዱ ስዊድኖቹ ወርቅ ቀብረው ሄዱ ይላል። ወርቅ ቢኖር ኖሮ ከኔ ቀድሞ ማን ይቆፍረው ነበር! ሌላው ደግሞ የኛ ሰዎች እንግዳ ተኝቶ ሳለ አረዱ ይላል፤ እሱን እንኳ አፉን ብዬው አውቃለሁ፣ አልጸጸትም። እኔ የማወራው ቅድመ አያቴ ፋና ለእናቴ የነገረቻትን ነው። ፋና የወገኔ ሚስት ናት፤ በዚያ ቀን ውስጥ የነበረች ናት።

ስዊድኖቹ የመጡት በአሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ። መሪያቸው ካፒቴን ሊንድ ይባላል፤ ሰው ሙሴ ሊንድ ይለዋል። ከአገረ ገዥው ወረቀት አጽፎ መጣ። ወረቀቱ ጫካውን ተጠቅማችሁ እንጨት ሰንጥቁ ይላል እንጂ አገር አቅኑ አይልም። እነሱ ግን የጽድ ግንድ እያጋደሙ ቤት ሠሩ፣ ዙሪያውን በሹል ግንድ አጠሩ፣ ወንዙን ጠልፈው መጋዝ አዞሩ፣ ሰማያዊና ቢጫ ባንዲራ ሰቀሉ፤ ስሙንም «አዲሲቱ ስዊድን» አሉት። በር ላይ ትንሽ የመርከብ መድፍ ተከሉ፤ በአሥራ ስምንት በቅሎ እየተቀያየረ የመጣ ነው።

ሊንድ ክፍል ግድግዳ ላይ የአንድ ምሽግ ሥዕል ነበር። አባቶቹ በጥንት ዘመን አሜሪካ ውስጥ ደላዌር በሚባል ወንዝ ዳር የሠሩት ነው ብሎ ለወገኔ አሳየው። ወገኔ አስተርጓሚው ስለነበር ይቀራረቡ ነበር።

«ስንት ዓመት ቆያችሁ?» አለው ወገኔ።

«አሥራ ሰባት።»

«ማን አስወጣችሁ?»

«ሆላንዶች።»

«እዚህ ሆላንድ የለም፤ እኛ ነን ያለነው» ቢለው ሊንድ ከልቡ ሳቀ አሉ። መጥፎ ሰው አልነበረም። ይህን ስል የሚቆጣ ዘመድ አለኝ፣ ይቆጣ። ፋና ራሷ «ክፉ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር» ትል ነበር፤ ፈሪ ከክፉ እንደሚብስ ግን አልደበቀችም።

ሊንድ ያመጣት ሚስቱ በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ በወሊድ ሞተች። በዚያው ሳምንት ፋና የወለደቻት ሴት ልጅ በአሥራ አንድ ቀኗ ሞታባታለች። ጡቷ ተወጥሮ፣ ትኩሳት ይዟት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ሳለ ሊንድ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ዘርግቶ።  ልጁ ለቅሶው ራሱ ሊጠፋ ደርሷል። ፋና ተነስታ «ስጡኝ» አለች፤ ሰጣት፤ ስሙንም ይሄነው አለችው፤ ልታጠባውም ምሽጉ ውስጥ ተቀመጠች።

በኛ አገር ደግሞ ጡት ቀልድ አይደለም። ያጠባሽው ልጅሽ ነው፤ አባቱም ከቤትሽ ጋር ዘመድ ነው፤ ዘመድ በዘመዱ ላይ አይተኩስም። ግራዝማች ምህረቴ ራሳቸው ከሽማግሌ ጋር መጥተው በግ አሳረዱ፣ መሐላውን አስማሉ። ሊንድ ከበጉ በላ፣ ጠላውን ጠጣ፣ የሁሉንም እጅ ጨበጠ። ወገኔ የመሐላውን ቃል ሲያስተረጉምለት ሊንድ እየሳቀ «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር። እሱ ግብዣ መስሎታል። የኛ ሰዎች ግን የማለ መሰላቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ስዊድኖቹ የፈረስ ሜዳውን ያጠሩት። ያ ሜዳ የማንም አልነበረም፣ የፈረስ ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የዘጠኝ ቀበሌ ፈረስ የሚሰማራበት። አጥሩን ጥሶ የገባውን አሥራ አራት ፈረስ አሰሩ። ዳማው ግራዝማች ሲጠሩት አጥሩን ዘሎ ሊወጣ ሲል ተኮሱበት።

አሁን ወንዙ ዳር ወገኔ የግራዝማችን እርካብ ይዞ ይለምናል።

«የጡት ዘመዳችን ነው ጌታዬ። መሐላውን ያስማሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ፈረሴንም የገደለው እሱ ነው።»

«ፈረስ ነው፣ ሰው አልነካም። ጠመንጃችንን እዚህ ትተን፣ ለዕርቅ እርጥብ ሣር ይዘን፣ በወጉ እንሂድበት። ፈረሶቹን ይልቀቅ፣ ዳማውን ይካስ፣ አጥሩን ያፍርስ። እምቢ ካለ ሚስቴንና ልጄን አወጣለሁ፤ ከዚያ ክብሪቱን እኔው እጭራለሁ።»

«ቢተኩስስ?»

«አይተኩስም።»

«ቢተኩስስ ነው የምልህ!»

«በኔ! በኔ ይሁን ግራዝማች። አንድ ጥይት ቢተኩስ ደሙ በኔ ላይ ይሁን።»

ግራዝማች ከፈረስ ወረዱና ምንሽራቸውን ወንዙ ዳር ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር አጋደሙ። ሌላው ሁሉ ተከተላቸው፤ አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱ እየተሳደበ። ጦሩንም ጎራዴውንም እዚያው ከመሩት። ሁለት ሰው ጠባቂ ቀረ። ምስጋናው ሣር ነጭቶ ጥምጣሙ ላይ ሻጠና «እንግዲህ ሙሽራ ልንወስድ ነው!» አለ። ለወገኔ ኮርቻና ልጓም አመጡለት፣ ፈረሱንም ቀይ ጥለት ያለው ግላስ አለበሱለት። ግራዝማች «አንተ ከፊት ሁን፣ ዘመዱ አንተ ነህ» አሉት።

ከወንዙ እስከ ምሽጉ አጥር ድረስ ሜዳ ነው። ዛሬ ቦታው ሁሉ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተተክሎበት ከሰል ይከሰልበታል፤ ያኔ ግን ዘጠና ፈረስ ጎን ለጎን ይሰለፍበት ነበር።

ዘመድ ቤት ሲኬድ ፈረስ በእርምጃ አይገባም፤ ያ ንቀት ነው። ከሩቅ ተሰልፎ፣ እየፎከሩና ዱላ ወደ ሰማይ እየወረወሩ ሽምጥ ይጋለባል። ባለቤቱ ደጁ ላይ ይቆማል። ፈረሱ የሰውየው ደረት ላይ ሊወጣ ሲል ይገታል፤ ባለቤቱም ሳይንቀሳቀስ ይስቃል። በቀረብክ ቁጥር ክብሩ ይበልጣል። እኔ ራሴ ጥር ላይ በጊዮርጊስ ክብረ በዓል ስንጋልብ እንግዶች ወንበራቸውን ጥለው ሲሮጡ አይቼ ስቄ አውቃለሁ። ወገኔን ሳስብ ግን ሳቄ ይጠፋል።

ምክንያቱም ወገኔ ያውቅ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ዳንግላ ገበያ ላይ ሁለት ጎረምሶች ከኋላቸው ፈረስ ሲያስጋልቡ ሊንድ ነጭ ወረቀት መስሎ ዞሮ ሽጉጥ ሲመዝ አይቷል። ሜዳው ጫፍ ላይ ሲሰለፉ ያ ነገር ትዝ አለው። «ግራዝማች፣ እኔ ብቻዬን ቀድሜ ልንገረው፤ ሊያከብሩህ ነው የመጡት ልበለው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አላለም። ሰው በየደረሰበት የፈረንጅ አሽከር ይለው ነበር። ዘጠና ፈረሰኛ ከኋላው አሰልፎ የቆመው በዕድሜው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ልቡ ሞላ። ሰው ነው፣ ምን ይደረግ! ዱላውን አንስቶ በአገውኛ ፎከረና ፈረሱን ለቀቀ።

መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ፋና ምሽጉ ውስጥ ሆና ድምፁን ሰማች፤ ልጁን አዝላ ወደ አጥሩ ሮጣ በግንዶቹ መካከል አየች። የባሏን ፈረስ አወቀችው። ጥምጣማቸው ላይ ሣር፣ እጃቸው ላይ ሣር፣ ጠመንጃ የሚባል የለም። ደስ አላት። ዞር ስትል ሊንድ መድፉ ዘንድ ቆሟል፤ እጁ ላይ ክብሪት ይዟል።

«ዘመዶችህ ናቸው!» ብላ ጮኸች። «ሣሩን እይ! ሣሩን እየው እንጂ አንተ ሰው!»

አማርኛዋ አልገባውም። ቢገባውም የሚሰማ አልነበረም። ክርኑን ስትይዘው ገፈተራት፤ ልጁን እንዳታደቅቀው በጉልበቷ ወደቀች። ክብሪቱን ለኮሰ።

መድፉን የሞሉት በመጋዝ ስብርባሪና በአውራ ጣት በሚያክል ሚስማር ነው። ፈረሰኞቹ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀርቷቸው ልጓም ሊስቡ ነበር። የመካከለኛው ሰልፍ ባንዴ ጠፋ። ፈረስ በፈረስ ላይ ወደቀ፣ ሰው ከሥር ገባ። አንዱ እጁ ከክርኑ ተቆርጦ ሣሩን እንደጨበጠ መሬት ላይ ቀረ። አንድ ፈረስ አንጀቱን እየረገጠ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ከአጥሩ በላይ ደግሞ ጠመንጃ ይንጣጣ ጀመር፤ የወደቀውንም የቆመውንም ይለቅማል።

ወገኔን ምንም አልነካውም። ከሁሉ ፊት የነበረው እሱ ነው፤ ጥይቱ ግራና ቀኙን አልፎ ከኋላው ያሉትን ጨረሰ። ፈረሱ ግን በርግጎ ጣለው። ሲነሳ ምስጋናው አጠገቡ ተቀምጧል። እግሮቹን ዘርግቶ ሆዱን በሁለት እጁ ይዟል፤ በጣቶቹ መካከል የሚወጣውን መልሶ ለማስገባት ይሞክራል።

«አያ ወገኔ» አለው፣ «አይተኩስም አላልክም?»

ወገኔ ሊያነሳው ብብቱን ሲይዘው ሌላ ጥይት መጣና የምስጋናውን አፍ አፈረሰው። ግራዝማች በሆዳቸው እየተሳቡ ደረሱ። ልጃቸውን በእግሩ ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱት፤ አላለቀሱም፣ አልጮኹም። ወገኔን አንዴ ብቻ አዩት።

ወገኔ እያለቀሰ ከሌሎቹ ጋር ወደ ኮሶው ሮጠ። ጠመንጃቸውን አነሱ፤ ወገኔም ከክምሩ ጎራዴ ታጠቀ። ሲመለሱ ፉከራ የለም፣ ዜማ የለም፤ ፈረስ የሞተበትም በእግሩ እየሮጠ ነው። ግራዝማች ለሁለት ከፈሏቸው፤ ግማሹ ከፊት ተኝቶ ይተኩሳል፣ ግማሹ በወንዙ በኩል ዞሮ ደረቅ ሣር እያሰረ እሳት ይወረውራል። ጽድ ደግሞ ሙጫ አለው። የምሥራቁ ግድግዳ ወዲያው ተያያዘ፣ ከዚያ ጣሪያው፣ ከዚያ የመጋዙ ቤት።

ወገኔ ለመጋዙ ውኃ የተቆፈረውን ቦይ ያውቀዋል፤ ያስቆፈረው እሱ ነው። ቦዩን ይዞ በደረቱ ተንሸራቶ ገባ። ውስጡ ጭስ ብቻ ነው። አንድ ሰው መጥረቢያ አንስቶ ወጣበት፤ ኒልስ የሚባለው አናጢ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ መጋዝ ቤት በራፍ ላይ አብረው እንጀራና ቋንጣ በልተዋል። ኒልስ አወቀውና አንድ አፍታ ቆመ። ወገኔ አልቆመም። በጎራዴው አንገቱን መታው፤ አልበቃውም፣ እንደገና መታው፣ ወድቆም ሳለ መታው። ማንን እየመታ እንደነበር ለራሱም አልገባውም፤ የገዛ አፉን እየመታ ሳይሆን አይቀርም።

«ፋና!»

«እዚህ ነኝ!»

እህል ማስቀመጫው ጓዳ ውስጥ ናት። ልጁን ውኃ በነከረችው ነጠላ ጠቅልላ፣ በጎኗ ወለሉ ላይ ተኝታ ትተነፍሳለች። ፀጉሯ ከፊት ተለብልቧል። ወገኔ ሲያነሳት በመጀመሪያ ያለችው «ሣር ይዛችኋል ብዬው ነበር፤ ነግሬው ነበር» ነው።

«ሊንድስ?»

«ሄዱ። በጓሮ ገደሉን ወረዱ።»

«ልጁን ትቶ?»

«ተጣራሁ። ልጅህ እዚህ ነው እያልኩ ተጣራሁ። ዞሮ አየኝ፣ አያ ወገኔ። አየኝና ሄደ።»

በቦዩ አወጣቸው። ከኋላቸው ጣሪያው ወደቀ። ከሠላሳ አንዱ ስዊድን አሥራ ስድስቱ እዚያው ቀሩ፤ የተረፉት በገደሉ ሥር ተደብቀው ወደ ዳንግላ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ አምልጠው በሱዳን በኩል አገራቸው ገቡ ይባላል። አዲሲቱ ስዊድን ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው የኖረችው፤ አሥራ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላላትም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሬሳውን ሜዳው ላይ አሰለፉት። አሥራ አንድ ሰው። ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ፤ ምስጋናው ግን ገና ዓመት ያልሞላው ሙሽራ ስለሆነ የጋብቻውን ጃኖ ከቤት አስመጥተው አለበሱት። ሴቶች ከየመንደሩ ደርሰው ደረታቸውን ይመታሉ። ግራዝማች ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልጃቸው ራስጌ ተቀምጠዋል።

ወገኔና ፋና ልጁን ይዘው ሲመጡ ለቅሶው ቀጥ አለ።

«እሱ ነው?» አሉ ግራዝማች።

«እሱ ነው» አለ ወገኔ።

«አባቱ አመለጠኝ። ልጁ አላመለጠኝም። አምጣው።»

ፋና ያዘለችውን ልጅ በእጆቿ ደግፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሁለት ሰዎች ከኋላዋ ቆሙ። «ምን አጠፋ?» አለች። «ገና ጥርሱ ሁለት ነው! ግራዝማች፣ እኔ ነኝ ያጠባሁት፤ ሌላ እናት አያውቅም። ልጄ ነው!»

«ልጅሽ አይደለም። የገዳይ ልጅ ነው። ልጅ ከፈለግሽ ትወልጃለሽ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ከእንግዲህ አልወልድም።»

ከሰው መካከል አንድ ሽማግሌ ተነሱ፤ አለቃ ወርቅአየሁ፣ የመንደሩ ዳኛ ናቸው። ልባቸው ቢያለቅስም ሕግ ሕግ ነውና ድምፃቸውን አረጋጉ። «ወገኔ» አሉ፣ «ጉዳዩ በአንተ አፍ ላይ ነው። ጡቱ የውሸት ነበር፣ ሊንድ አልማለም፣ እኔም ተታልያለሁ ካልክ፣ ሕፃኑ ባዕድ ነው፤ ግራዝማች ደማቸውን ይመልሱበታል፤ አንተን ማንም አይነካህም። ጡቱ እውነት ነው፣ ልጄ ነው ካልክ ግን ማንም አይነካውም፤ ሊንድ ዘመድህ ሆነ፣ ደሙም የቤትህ ደም ሆነ። ዋስም አንተ ነበርክ። አስበህ ተናገር።»

ወገኔ ሚስቱን አያት። ፋና ለእናቴ እንዲህ ነበር ያለቻት፤ «ልጁን አድነው እንድለው ፈልጌ ነበር፤ አንተ አትሙትብኝ እንድለውም ፈልጌ ነበር። ሁለቱ ባንድ አፍ አይወጡልኝም፤ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ እቃጠላለሁ።»

ልጁ ለቅሶ ጀመረ። ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም።

ወገኔ የተሸፈኑትን አሥራ አንዱን ሰዎች ባንድ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው ጫፍ አያቸው። ጎራዴውን ከወገቡ ፈታና መሬት ላይ አስቀመጠ፣ የኒልስ ደም ገና አልደረቀበትም። ከዚያ ወደ ግራዝማች ፊቱን አዞረ።

«ሊንድ ፈረስ ሲጋለብበት እንደሚፈራ አውቅ ነበር» አለ። «ቀድሜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ከፊት ሁን ሲሉኝ ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ። ምስጋናውን የገደለው የኔ ዝምታ ነው። ልጁ ደግሞ ልጄ ነው፤ ይሄነው ወገኔ ነው። ጡቱ እውነት ነው።»

ሴቶቹ ጮኹ። የወገኔ ወንድም ጠመንጃውን ሊያነሳ ሲል አምስት ሰው ያዘው። ግራዝማች ተነሱ፤ ምንሽሩን ተመርኩዘው ቆሙ። ወገኔን በጣም ይወዱት እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው።

«እንዲህ ባትል ምን ነበረበት!» አሉት። እንባቸው ያን ጊዜ ነው የመጣው። «ባዕድ ነው ብትል ምን ነበረበት፣ አንተ ከንቱ!»

«ልጄ ነዋ፣ ጌታዬ።»

ወገኔ ምስጋናው እግር ሥር ተንበረከከ። ፋና ወደ እሱ ልትሮጥ ስትል ሴቶች ወገቧን ያዙ። ግራዝማች አፈሙዙን ደረቱ ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ ቆዩ፤ ሰው ይተዉት ይሆናል ብሎ ማሰብ እስኪጀምር ድረስ። አልተዉትም። ጥይቱ በጀርባው ወጥቶ ሣሩን ቆፈረ። ወገኔ አንዴ እጁን ወደ ፋና አነሳና በጎኑ ወደቀ።

ፋና ከያዟት እጆች አምልጣ ደረሰችበት። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቁስሉን በመዳፏ ብትደፍነው ደሙ በጣቶቿ መካከል እየፈላ ቀሚሷን አረሰው። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ይጮሃል። አልሰማችውም። የባሏን ዓይን ከደነች፣ ከዚያ ተመልሳ ከፈተች፣ ከዚያ እንደገና ከደነች።

ግራዝማች ምንሽሩን ወርውረው በርኖሳቸውን አወለቁ። ወገኔን ከጭኗ ላይ ራሳቸው አንስተው ከምስጋናው ጎን አስተኙትና በበርኖሱ ሸፈኑት፤ አሥራ ሁለተኛ ሆነ። ደሙ ተመልሷል፤ ከዚህ በኋላ በሁለቱ ቤት መካከል ቂም የለም፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ወደ ፋና ሄደው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ፣ ጥምጣማቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ሰው ሁሉ ምን ሊሏት ነው ብሎ ይጠብቃል። እሷም ቀና ብላ አየቻቸው፤ ልትተፋባቸው ምራቅ ሰብስባ እንደነበር አልደበቀችም።

«ልጅሽ ርቦታል» አሏት። «አጥቢው።»

ምራቋን ዋጠች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ፣ በደም የራሰውን ደረቷን ገልጣ ሰጠችው። ጠባ።